የተቀደደው ክንፍ

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ወርቃማ ዓሣ ነው። አቃቂ ባለው ቤታችን በመስታወት ገንዳ የምትኖረው ይህች ዓሣ በሻካራ ድንጋይ ተፋትጋ የጅራቷ ክንፍ እስከ እኩሌታው ተቀደደባት። ታናሽ ልጃችንም አይታ አለቀሰች፤ «አባባ፥ ትሞት ይሆን? ወደ ወንዙ ወስደን ብንለቃትስ፥ እዚያ አትድንም?» አለችን።

እኛም ለልጅ ሐሰተኛ ማጽናኛ መስጠት ነውር ስለ መሰለን መጻሕፍት አገላበጥን። የዓሣ ክንፍ ማለት ስስ ቆዳና ያንን ቆዳ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ወጥረው የያዙ ቀጫጭን አጥንቶች ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1786 ዓ.ም. ብሩሶኔ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ የተቈረጠ የዓሣ ክንፍ ተመልሶ እንደሚያድግ ተመልክቶ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ተመራማሪዎች ደግሞ አኳኋኑን ገልጸዋል፤ ይኸውም ክንፉ በተቈረጠ በአንድ ቀን ገደማ ቍስሉን ቆዳ ይሸፍነዋል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አዲስ አካል የሚሠሩ ሕዋሳት ከቆዳው ሥር ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም አጥንቱ ከተቈረጠበት ጫፍ እየቀጠለ ያድጋል። አዲሱ ክንፍ በመጀመሪያ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱ እስከ ሥሩ ዘልቆ መነሻውን አጥንት ያጠፋ እንደ ሆነ ክንፉ አይመለስም።

እንግዲህ የባለቤቱ ድርሻ ምንድር ነው? ውሃውን መጠበቅ ነው። የዓሣዋ ዓይነ ምድርና የተረፈው ምግብ አሞንያ የሚባል መርዝ ይወልዳሉ፤ በቆሸሸ ውሃም ጀርም ገብቶ ክንፉን ያበሰብሰዋል። ጠርዙ ነጥቶ ወይም ቀልቶ እየተበላ ከሄደ ምልክቱ ይኸው ነው። ስለዚህ በየጊዜው የውሃውን ሩብ ያህል መለወጥ፥ ምግቡንም መጥኖ መስጠት ይገባል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አስቀድሞ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ማቆየት ያስፈልጋል። በብርድ ወራት እድገቱ ስለሚዘገይ መታገሥ እንጂ መድኃኒት ማብዛት አይጠቅምም።

ስለ ወንዙ ግን ለልጃችን እውነቱን ስንነግራት አፈርን። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ቆሻሻና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ቍስለኛ ዓሣ የሚድንበት ውሃ አይደለም።

ከሳምንታት በኋላ ከጅራቷ የጠራ ስስ ጠርዝ ብቅ ሲል ልጃችን በደስታ ጠራችን። ጥቂትም ዝም ብላ፥ «ወንዙስ ውሃው ቢለወጥለት ይድን ይሆን?» ስትል ጠየቀችን። የወንዝ ውሃ እንደ ገንዳ ውሃ በባልዲ አይለወጥም፤ ነገር ግን ቆሻሻ መጨመሩ ቢቀርለት ቀስ በቀስ ይጠራል ብለን መለስንላት። ይህንንም ስንናገር የቤታችንን ጥራጊ ወደ ቦዩ የምንደፋ እኛው መሆናችን ትዝ አለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ትተነዋል።