ያገለገለው ዘይት ለሞተር ይዋል

አገራችን የምትጠቀምበትን ናፍጣ በሙሉ ከውጭ የምትገዛ መሆኗ ለማንም የተሰወረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢታገድም፣ ጭነት የሚያመላልሱት ከባድ ተሽከርካሪዎችና መብራት ሲጠፋ የሚነሡት ጄኔሬተሮች ዛሬም የሚንቀሳቀሱት በአብዛኛው በናፍጣ ነው። ስለሆነም ናፍጣን በከፊልም ቢሆን የሚተካ ኃይል በአገር ውስጥ ማምረት ራስን የመቻል ጥያቄ ነው።

በዚህ ረገድ ያለፈው ልምድ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊዩል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ሲወጣ፣ ለባዮዲዝል ተስፋ የተጣለው በጃትሮፋና በጉሎ ላይ ነበር። ከስኳር ፋብሪካ የተገኘው ኤታኖል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ለመደባለቅ ሲበቃ፣ ከሰፋፊ እርሻዎች ይገኛል የተባለው ባዮዲዝል ግን የናፍጣን ቦታ ሳይዝ ቀርቷል። እህል የሚያበቅል መሬት ለሞተር ቀለብ መዋሉም ተገቢ ክርክር አስነሥቷል።

ከዚህ የምንረዳው ጥሬ ዕቃውን ከገበሬው ማሳ በፊት ከከተማው ማዕድ ቤት መፈለግ እንደሚገባ ነው። ከነባሩ የካዛንቺስ ሠፈር ብዙው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2024 ከፈረሰ በኋላም፣ በዚያና በመላው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኙት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች በየዕለቱ ይጠብሳሉ። ያገለገለው ዘይት ወደ ፍሳሽ ቦይ ቢደፋ ቱቦ ይደፍናል፣ ወንዝ ይበክላል፤ ወደ መጥበሻ ቢመለስ ደግሞ ጤናን ይጎዳል።

እርግጥ ነው፣ ደጋግሞ የተጠበሰ ዘይት ነፃ የስብ አሲድ ይበዛበታል። በተለመደው ዘዴ ዘይቱ ከሜታኖል ጋር በኮስቲክ ሶዳ አማካይነት ሲዋሐድ፣ አሲዱ ከሶዳው ጋር ሳሙና ይፈጥራል፤ ባዮዲዝሉን ከግሊሰሪኑ መለየትም አዳጋች ይሆናል። አዮናዊ ፈሳሾች የሚባሉት፣ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቀልጡት ጨዎች፣ መፍትሔ ሆነው የቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። ከእነርሱ መካከል አሲዳዊ የሆኑት ካታሊስት በመሆን ነፃውን አሲድና ዘይቱን ባንድነት ወደ ባዮዲዝል ይለውጣሉ፤ ከምርቱ ተለይተውም እንደገና ለሥራ ሊውሉ ይችላሉ።

ዳሩ ግን «አረንጓዴ» የሚለው ስም ብቻውን ምስክር አይሆንም። ከአዮናዊ ፈሳሾች አንዳንዶቹ በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዛማ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከኮስቲክ ሶዳ ይልቅ እጅግ ውድ ከመሆናቸው በላይ የሚሠሩት ከፔትሮሊየም በተገኙ ኬሚካሎች ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ዘይት 11 ኪሎ ግራም ያህል ሜታኖል እንደሚያስፈልግም መዘንጋት የለበትም። የናፍጣን ጥገኝነት በኬሚካል ጥገኝነት መለወጥ ነፃነት ሊባል አይችልም።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፣ ሆቴሎች ያገለገለውን ዘይት በበርሜል ለይተው የሚያስረክቡበት ሥርዓት ይዘርጋ። ቀጥሎም ስለ ባዮዲዝል ብዙ የጥናት ጽሑፍ ያቀረቡት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቻችን ሦስት ጥያቄዎችን በተግባር ይመልሱ፦ ካታሊስቱ ስንት ጊዜ ያገለግላል? ከፍሳሹ ጋር ምን ያህሉ ያመልጣል? የአንዱ ሊትር ዋጋስ ስንት ይሆናል? ሳይንስ ለሕዝብ ጥቅም የሚውለው እንዲህ ያለውን ፈተና ሲያልፍ ነው። በርሜሉ እስኪሞላ ግን ላቦራቶሪውን መጠበቅ አያሻም፤ የማሰባሰቡ ሥራ ከዛሬ ይጀመር!