ሁሉም ትል «ተምች» አይደለም

በበልግ በቆሎ ቅጠል ላይ ቀዳዳ ሲታይ በወላይታ ብዙ ቀበሌዎች ቀድሞ የሚነሳው ስም «ተምች» ነው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ታይቶ በፍጥነት ከተዛመተ ወዲህ ማንኛውም ትል በዚህ ስም ይጠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አገዳ ቆርቁር ግን ሌላ ነው፤ እሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ቡሲዮላ ፉስካ የተባለው የአፍሪካ ተወላጅ ሲሆን ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ ቤተሰቡም ከተምች ጋር አንድ ነው። ቺሎ ፓርቴለስ ከእስያ የገባ፣ ሙቀት የሚወድ ነው። የእሳት ራቱ ከፊቱ እንደ አፍንጫ የሾለ አካል አለው። ሳይንቲስቶች ቀድሞ ፒራሊዴ በሚባለው ቤተሰብ ይመድቡት ነበር፤ በኋላ በመስሚያ አካሉ አሠራር ጭምር ተለይቶ ክራምቢዴ ውስጥ ገብቷል።

ይህ ለአርሶ አደሩ ምን ይፈይዳል? አንድ ምሳሌ ይበቃል። የቺሎን ትል የምትገድል ኮቴሲያ ፍላቪፐስ የተባለች ጥቃቅን ተርብ ከእስያ መጥታ እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ ተለቃለች። በቺሎ ላይ ሠርታለች። ቡሲዮላ ውስጥ የጣለችው እንቁላል ግን በትሉ ሰውነት ታፍኖ ይሞታል። ስሙን የሳተ፣ መከላከያውንም ይስታል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የመጤው ተምች ግንባር ላይ የተገለበጠ «ዋይ» የመሰለ ምልክት፣ በጭራው አካባቢ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ነጥቦች አሉ። የቺሎ ትል ነጣ ያለ፣ በጀርባው ጠቆር ያሉ ነጥቦች የተደረደሩበት ነው፤ እንቁላሉም በቅጠሉ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባብሮ ይገኛል። ቡሲዮላ ወደ ሮዝ ያደላል፤ እንቁላሉን በቅጠሉ እቅፍ ውስጥ ይደብቃል።

ቆርቁር አገዳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ ኬሚካል አይደርስበትም፤ ገንዘቡ ይባክናል። ከምርት በኋላ በአገዳው ውስጥ ተደብቆ ስለሚከርም፣ አገዳውን አቁሞ ከመከመር ይልቅ ለአራት ሳምንታት ያህል መሬት ላይ አጋድሞ ፀሐይ ማስመታት ይጠቅማል። አገዳው ማገዶም አጥርም በሆነበት ወላይታ ይህን መጠየቅ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢያንስ ለአጥር የሚውለው ቀድሞ ፀሐይ ይምታው።

ወረዳዎችም ሪፖርት ሲልኩ «ተምች ታየ» ብለው ባይዘጉት መልካም ነው። ወደ አባያ ሐይቅ ከሚወርደው የሁምቦ ቆላና ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የመጡ ሁለት ትሎች በአንድ ስም ከተመዘገቡ፣ ክልሉ የትኛውን መከላከያ ወዴት እንደሚልክ በምን ያውቃል?