ልጄ ልታገባ ነው

ዛሬ የማወራችሁ እናቶቻችን ስለ እኛ ስለሚያወሩት ወሬ ነው። አዎ፣ በቡና ላይ። እኛ በሌለንበት፣ አንዳንዴም እዚያው ቁጭ ብለን እንደሌለን ተቆጥረን።

የሸገር እናት ስለ ደረሰች ሴት ልጇ ስታወራ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፊት ለፊት አታመሰግንም። “ልጄኮ ጎበዝ ናት፣ ቁጥብ ናት” ማለት ከጀመረች ወይ ሽማግሌ ሊመጣ ነው፣ ወይ ብድር ልትጠይቅ ነው። ደንበኛው የእናት ወሬ ሐሜት የሚመስል ነገር ነው። “ይቺ ልጅ ሽንኩርት ስትከትፍ እንደ ዜና አንባቢ በየመሃሉ ታርፋለች።” “እዚያ ስልክ ውስጥ ባል ቢኖር ኖሮ እስካሁን ይወጣ ነበር።” “ውጪ ለማኪያቶ ያን ሁሉ ብር ትከፍላለች፤ እኔ ቡና ስቆላ ግን ጭሱ ራሴን አመመኝ ትላለች።” ጎረቤት ይስቃል፣ ቶናው ይቀዳል፣ ልጅቷ (ማለትም እኔ) ፈንዲሻ እየዘገነች ዝም ትላለች።

በጋዜጠኝነት የተመረቅኩ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ይጠብቀኝ ጀመር። አንድ ወር ጠበቁ፣ ሁለት ወር ጠበቁ፣ አልወጣሁም። በመጨረሻ አንዷ ጎረቤታችን “ምነው ልጅሽን አጣናት?” ብለው ጠየቁ። እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? “ልጄ የምትሠራው ከቴሌቪዥኑ በስተጀርባ ነው፤ ሽቦው ሁሉ ያለው እኮ እዚያ ነው።” አለቀ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ብዙ ጓደኞቼ እንዲህ ያለውን ቀልድ ሲሰሙ ያኮርፋሉ። “እናቴ ሰው ፊት አዋረደችኝ” ይላሉ። እኔ አልስማማም። በእኔ አስተያየት ይህ ቀልድ አጥር ነው። በእኛ ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በአንድ ግቢ አራትና አምስት ቤተሰብ ይኖራል፤ የአንዱ ወጥ ሲያር ለሌላው ይሸተዋል። በእንዲህ ያለ ግቢ ከ25 ዓመት በላይ የሆናት፣ ያላገባች፣ አምሽታ የምትገባ ሴት ልጅ ካለች ጥያቄው መሬት ላይ የወደቀ ጠጠር ነው፤ አንዱ ቀን አንዱ አንስቶ መወርወሩ አይቀርም። እናት ብልህ ናት። ጎረቤት ሳያነሳው እሷ ቀድማ ታነሳዋለች፣ አስቃ ትጥለዋለች። በእናት አፍ አንዴ የተሳቀበትን ነገር ሌላ ሰው ደግሞ ቢያነሳው ወሬው አይደምቅለትም።

የእኔዋ እናት ለምሳሌ “ሁለት ዕጣ እየጠበቅኩ ነው” ትላለች፤ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛው የእኔ ሠርግ። ለኮንዶሚኒየሙ በ1997 ተመዝግባ፣ በ2005 እንደገና ተመዝግባለች። (ለሠርጉ መቼ እንደተመዘገበች አላውቅም፤ እኔ አልፈረምኩም።) ሐምሌ 2014 ላይ የ14ኛው ዙር ዕጣ ከወጣ በኋላ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ሲሰረዝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲናደድ እሷ ጀበናዋን እያዘነበለች “ዕጣ ወጥቶም እንደሚሰረዝ ካየሁ ወዲህማ ስለ ልጄ መቸኮል ትቻለሁ” አለች። ያን ቀን ከሳቁ ውስጥ ንዴቱም ነበረበት። ግን በዚያ ሰሞን “ልጅሽስ?” ያላት የለም።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እናቶቻችን የሚቀልዱት ሌላ ምን እንደሚሉን ስለማያውቁም ነው። ለእነሱ የተሰጣቸው መንገድ አጭር ነበር፤ ልጅ ነሽ፣ ከዚያ ሚስት ነሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ገደማ ሳይሞላቸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ያው መካከለኛ ዕድሜ ወደ 24 ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት አለ። ለዚያ ሰባት ዓመት ስም አልወጣለትም። ልጃገረድ? ኮረዳ? ሴትዮ? የታክሲ ረዳቱ እንኳ ግራ ገብቶት “እናት፣ ጠጋ በይ” ይለኛል።

ለነገሩ የሴት ልጅን ትዳር እንደ ግል ጉዳዩ የቆጠረው ጎረቤት ብቻ አይደለም። ከደጃችን ቀና ስንል የምናየው እንጦጦ ላይ ቤተ መንግሥት የነበራቸው ዐፄ ምኒልክ፣ ልጃቸውን ዘውዲቱን ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ የዳሩት ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ነው። ኋላ ደግሞ፣ በ1892 ዓ.ም.፣ ዘውዲቱ ያገቡት የእንጀራ እናታቸውን የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ፣ ጉግሣ ወሌን ነው። አራተኛ ባላቸው መሆናቸው ነው። በቤተ መንግሥቱ ቡና ላይ ምን እንደተባለ አልተጻፈልንም እንጂ ወሬ እንዳልጠፋ እገምታለሁ።

እንጦጦ ከተነሳ አይቀር… እናቴ ልጅ ሆና እዚያ ጋራ ላይ ቅጠል ጠርጋለች፣ ጭራሮ ለቅማለች። ባህር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ የከተማዋን ምጣድ ያሰማው የሴት ጀርባ ነው። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እንጨት ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቁልቁል የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የፈረንሳይና የሽሮ ሜዳ ልጅ የለም። እኔና ጓደኞቼ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በስኒከር እንወጣለን። በ2013 የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህማ ነገሩ ፋሽን ሆኗል። እናቴ ይህን ስታይ የቡናዋ ማጣፈጫ አገኘች፦ “እኛ ባዶ እጃችንን ወጥተን ተሸክመን እንወርድ ነበር። እነሱ ባዶ እጃቸውን ወጥተው ባዶ እጃቸውን ይወርዳሉ፣ ያውም በገመድ ለመንጠልጠል ገንዘብ ከፍለው!”

ይህን ስትናገር ፊቷን ማየት ነበረባችሁ። ስለ ሰነፍ ልጅ የሚያወራ ሰው ፊት አይደለም። በዚያ ጋራ ላይ ጀርባዋን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ልጅ ያለቻት ሰው ፊት ነው። “ልጄ አልተሸከመችም” ብሎ በቀጥታ መናገር ግን ጉራ ይሆናል፤ ጉራ ደግሞ ዓይን ያመጣል። ስለዚህ ተንኮለኛዋ እናቴ ምስጋናዋን በቀልድ ጠቅልላ ታቀብለዋለች።

አይ፣ ቀልድ ሁሉ ማር ነው አላልኩም። በየቀኑ ቁርስ ላይ “ያቺ ጓደኛሽ እኮ ወለደች” የምትባል ጓደኛ አለችኝ። እሱ ቀልድ አይደለም፣ የመብራት ሒሳብ ነው፤ በየወሩ መምጣቱ አይቀርም። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። ልጅቷ መልስ መስጠት ከተፈቀደላትና መልሷም ካሳቀ ቀልድ ነው። አንገቷን ደፍታ የምትሰማው ከሆነ ሌላ ስም ይፈለግለት።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ አምሽቶ ይገባል። በቡናው ላይ ስሙ የሚነሳው “በላ ወይ?” ሲባል ብቻ ነው። እናቴን ስጠይቃት “እሱ ላይ ምን አስቂኝ ነገር አለ?” አለችኝ። እስካሁን ሳስበው ስድቡ ለማንኛችን እንደነበር አልገባኝም።

በግቢያችን ቡና ላይ ግን የማይቀልዱ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ቤሩት ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። ግንቦትና ሰኔ 2012 ላይ፣ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ እኚህ እናት ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው የእያንዳንዷን ልጅ ፊት ሲያዩ አስታውሳለሁ። የእሳቸው ልጅ ከመሃል አልነበረችም። ስለ እሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ “ደህና ነኝ ብላለች”፣ “ልካልኛለች”፣ “ቀጥናለች መሰለኝ፣ በስልክ አይታወቅም”። ስለ እሷ ማንም አይቀልድም። ሽንኩርት አከታተፏን፣ አመሻሿን፣ ስልኳን የሚያማ የለም። አንድ ቀን እናቴ እኔን ስታማ ቆይታ እሳቸው ላይ ዓይኗ ሲያርፍ ድንገት ዝም አለች። እሳቸው ግን “ኧረ ቀጥዪ፣ ታስቀኛለች” አሏት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጅን ማማት ልጇ ማታ በር የምታንኳኳላት እናት ሀብት ነው።

እንግዲህ ወደ ርዕሴ ልምጣ። ባለፈው ወር ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ኮተቤ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ። ወላጆቿ እዚሁ ከተማ ያሉ፣ ያላገባች ልጅ ቤት ስትከራይ ምን እንደሚባል ለእናንተ አልነግርም፤ “አባረሯት እንዴ?” ከሚለው ይጀምርና ወደማይጻፈው ይሄዳል። አከራዮቹም ቢሆኑ ያው ናቸው። አንዱ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ገቢያችን ሳይሆን “ባል አላችሁ?” ብሎ ነው። የለንም ስንለው “ታዲያ ማን ይመጣል?” አለ። (ማንም ካልመጣ ማን ይጨነቃል? እኛ!) የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ስለ ባል የሚል አንቀጽ አላየሁበትም።

ለእናቴ ስነግራት ምንም አላለችም። ሦስት ቀን ዝም። እናንተዬ፣ የማይቀልድ የእናት ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስፈራ! ይጮህብኝ ዘንድ ተመኘሁ። በአራተኛው ቀን ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ እናቴ ድምጿን ሞቅ አድርጋ፦

“ልጄ ልታገባ ነው” አለች።

ስኒ ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዷማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

“ማንን?” ተባለ።

“አከራይ። ቀለበት የለውም፣ ቅድሚያ ክፍያ ግን አለው። ውሉ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው፤ ከስንቱ ትዳር ይረዝማል!”

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን እናቴን እያየሁ ነበር። እጇ ረከቦቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሦስቱን ቀን ይህችን ቀልድ ስታዘጋጅ እንደከረመች ገባኝ። “ምን አጥፍታ ነው?” ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ስለ ኪራይ ዋጋ ማማረር ጀመረ። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ያለውን መስመር ሲያፈርስ ስለተነሱት ዘመዶች ወሬው ሄደ። አንዷ እህታቸው ርቃ መሄዷን፣ እዚያ ፎቅ ላይ ቡና ሲፈላ የሚጠራ ሰው እንደሌለ አወሩ። (ይህም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እናቶቻችን በአራተኛ ፎቅ ላይ ለማን ነው የሚያሙን?)

የቤሩቷ እናት እስከ መጨረሻው አልተናገሩም። በረካው ሲቀዳ ብቻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ኮተቤማ ቅርብ ነው” አሉ። እናቴ ከሰሉን ለማራገብ ጎንበስ አለች፤ ከሰሉ ግን አልጠፋም ነበር።

እሁድ ዕቃዬን ጫንኩ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንድ ጀበና፣ እንዲሁም አልፈልግም ያልኩትን ብርድ ልብስ ሰጠችኝ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱን አንኳኳች።

“ስሚ፣ መልሱ መቼ ነው?”

“የሚቀጥለው እሁድ እመጣለሁ” አልኳት።

“እሁድ አይሆንም፤ እሁድ ቡና አለን፣ ስለ አንቺ የምናወራው ብዙ ነው። ቅዳሜ ነይ።”