ቡና አጣጪዎች፦ በስደት አገር ስላለው የሴቶች ወዳጅነትና የዕለት ጨዋታ

ከአገር ውጭ የሚኖረው የኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ስለ ራሱ ሲጽፍና ሲናገር አብያተ ክርስቲያናቱንና መስጊዶቹን፣ የመረዳጃ ማኅበራቱን፣ ምግብ ቤቶቹን፣ የእግር ኳስ ውድድሩንና የፖለቲካ ስብሰባዎቹን ያነሣል፤ ሴቶች በቡና ዙሪያ ተቀምጠው የሚያደርጉት የዕለት ጨዋታ ግን ከእነዚህ ከብዙዎቹ ይልቅ ቀን በቀን የሚሠራ ሆኖ ሳለ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጨዋታው ሊቀ መንበርም ማኅተምም የለውም፣ ቃለ ጉባኤ አይያዝበትም፣ የሚነሣበትም ጉዳይ የሕፃን ጥርስ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ የሥራ ፈረቃ፣ አገር ቤት ያለች እናት የጉልበት ሕመም በመሆኑ «ተራ ወሬ» ተብሎ ይታለፋል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ተረት ይዞ ያደገ ማኅበረሰብ የሴቶችን ንግግር ከቁም ነገር ባይቆጥረው አይደንቅም። ይሁንና በስደት ኑሮ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር እንዴት ተደጋግፎ እንደሚቆም በቅርብ ለመረመረ፣ ይህ ተራ የሚባለው ጨዋታ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሥራ ሲሠራ ይገኛል።

የቡናው ሥርዓት ራሱ ለጨዋታ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ጥሬው ቡና ታጥቦ በምጣድ ይቆላል፣ ጢሱ በተቀመጡት ፊት ይዞራል፣ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በጀበና ይፈላል፣ ከዚያም በረከቦት ላይ በተደረደሩት ሲኒዎች ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ የመጀመሪያው ዙር አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ሲባል፣ በየዙሩ በዚያው አተላ ላይ ውኃ ስለሚጨመር ቡናው እየቀጠነ ይሄዳል። ጨዋታው ግን በዚያው መጠን እየጠለቀ ነው የሚሄደው። በአቦል ላይ የሚነገረው የፈንዲሻው መጣፈጥ፣ የዕጣኑ ዓይነት፣ የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደ ገባ ነው፤ ከባድ ነገር በልቧ የያዘች ሴት በዚህ ሰዓት አትናገርም። በቶና ላይ ሲኒዋን በእጇ እያዟዟረች «ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ትላለች፣ ነገሩን ቀለል አድርጋ፣ መልስ የማትጠብቅ መስላ። ከተቀመጡት አንዷ «ባለፈውም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር እኮ፤ ምን ሆነሽ ነው?» ትላታለች። የቡና አጣጪ ማለት፣ ማለትም ቡና ሲፈላ ሁልጊዜ አብራ የምትጠጣ ወዳጅ ማለት፣ ይህን የምትል ናት።

የዕለት ወሬው ጥቅም ከዚህ ላይ ይታያል። ወዳጅ በወዳጇ ላይ የደረሰውን ለውጥ የምታስተውለው ትናንት እንዴት እንደ ነበረች ስለምታውቅ ነው፤ ትናንት እንዴት እንደ ነበረች የምታውቀውም የትናንቱን ጥቃቅን ነገር ሁሉ፣ ምን እንደ በላች፣ ከማን ጋር እንደ ተጣላች፣ አለቃዋ ምን እንዳላት ሰምታ ስለ ነበረ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ በሠርግና በልቅሶ ላይ ብቻ የምትገናኝ ዘመድ «ደኅና ነኝ» ስትባል አምና ትመለሳለች። በየሳምንቱ የምትገናኝ ወዳጅ ግን የ«ደኅና ነኝ»ን ድምፅ ለይታ ታውቃለች። ስለዚህ ጥቃቅኑ ወሬ ከቁም ነገሩ የተለየ ሳይሆን ቁም ነገሩ የሚታወቅበት መዝገብ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ጨዋታው ኑሮ የሚገፋበት መረጃ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎች ስለ ሥራ የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ ከቅርብ ቤተሰብ ሳይሆን ራቅ ካሉ ትውውቆች መሆኑን አሳይቷል፤ ምክንያቱም የቅርብ ሰዎች የሚያውቁት ያንኑ አንድ ነገር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ በአንድ ሳሎን ከተቀመጡት ስድስት ሴቶች አንዷ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ሌላዋ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ ሌላዋ በሕፃናት ማቆያ፣ አንዷም በሆቴል ጽዳት ትሠራ ይሆናል፤ በመሆኑም አዲስ መጤዋ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚቀጥር፣ የረዳት ነርስነት ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ልጅን እንደሚያበረታታ ከአንድ ጀበና ዙሪያ ትሰማለች። ማንም ጽሕፈት ቤት ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአማርኛ፣ ያለ ቀጠሮ አይነግራትም።

የወሊድ ጊዜ ደግሞ ነገሩን ከሁሉ ይበልጥ ይገልጠዋል። በአገር ቤት ነፍሰ ጡር «ማርያም ትቅረብሽ» ተብላ ትመረቃለች፣ ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፣ እናቷና ጎረቤቶቿ በቅቤና በበርበሬ የተዘጋጀ ገንፎ ይዘው ይገባሉ፣ ከዚያም ለሳምንታት አራሷ ከቤት ሥራ ተለይታ ትጠበቃለች። በአሜሪካ ይህ ሁሉ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ መስፈርቱን ለምታሟላ ሠራተኛ እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ፈቃድ ቢሰጥም ፈቃዱ ያለ ደመወዝ ነው፣ የአያት ቪዛም ብዙውን ጊዜ በሚፈለግበት ቀን አይደርስም። ያኔ የሚደረሰው በቡና አጣጪዎች ነው። አንዷ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ጠዋት በአራሷ በር ላይ ገንፎውን በፎጣ ጠቅልላ ትቆማለች፣ ሁለተኛዋ ታላቁን ልጅ ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ ሦስተኛዋ አመሻሽ ላይ መጥታ ሕፃኑን ታጥባለች፤ ተራው በስልክ መልእክት ይደለደላል እንጂ ማንም አላዘዘውም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀትም በዚህ መመላለስ ውስጥ ሊታወቅ ይችላል፤ ቀድሞ ትስቅ የነበረች ሴት መሳቅ ማቆሟን የምታየው ሳቋን የምታውቀው ናትና።

የሳይንስ ጥናትም ይህን ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሼሊ ቴይለርና ባልደረቦቿ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ሰው አደጋ ሲገጥመው ወይ ይዋጋል ወይ ይሸሻል የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በአመዛኙ በወንዶችና በወንድ እንስሳት ላይ ከተደረገ ምርምር የመጣ መሆኑን አመልክተው፣ ሴቶች በጭንቀት ጊዜ ልጆቻቸውን ወደ መንከባከብና ወዳጅ ወደ መጠጋት እንደሚያዘነብሉ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጁሊያን ሆልት ለንስታድና ባልደረቦቿ 308,849 ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች ጥናቶቹ በተካሄዱበት ዘመን ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ትስስራቸው ከደከመው በ50 በመቶ የበለጠ ሆኖ እንዳገኙት አሳትመዋል። ይህ አኀዝ ወንዶችንም ሴቶችንም የሚመለከት ነው።

ወዳጅነቱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው በተለይ በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት ለተሰማሩት እህቶች ነው። በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በዮርዳኖስና በሊባኖስ የሚሠራበት ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስር በመሆኑ፣ አሠሪዋን ጥላ የወጣች ሴት ብዙውን ጊዜ ሕጋዊነቷን ታጣለች፤ ብዙዎችም ፓስፖርታቸው ተወስዶባቸው፣ የዕረፍት ቀን ተከልክለው፣ ስልካቸውን በስውር እየተጠቀሙ ይኖራሉ። ለእንዲህ ያለች ሴት በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የምትልከው የአንድ ደቂቃ ድምፅ፣ «ዛሬ መስኮት ስጠርግ ዋልኩ፤ አንቺስ?» የሚለው መልእክት፣ ሲታይ ኢምንት ነው። ነገር ግን በየምሽቱ የሚመጣው ድምፅ አንድ ምሽት ሲቀር፣ ሁለተኛውም ሲደገም፣ አንድ ነገር መፈጠሩን ቀድማ የምታውቀውና ለሌሎች የምትናገረው ያቺ የድምፅ ወዳጅ ናት። የዕረፍት ቀን የሚያገኙት ደግሞ በቤይሩት ዶራ በሚባለው ሰፈር እሑድ እሑድ ይገናኛሉ፤ ገንዘብ ይልካሉ፣ ጸጉር ይሠራራሉ፣ እንጀራ ይበላሉ፣ ያወራሉ።

ከእንዲህ ዓይነቱ መሰባሰብ ምን ሊወለድ እንደሚችል የሊባኖስ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቤት ሠራተኝነት የነበሩ ኢትዮጵያውያት «እኛ ለኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ ኢትዮጵያውያት ሠራተኞችን በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ወርም በወደቡ ላይ የደረሰው ፍንዳታ ከተማዪቱን ሲያናጋ፣ ምግብና መጠለያ ይዘው ከደረሱት መካከል እነዚህ ሴቶች ነበሩ። እንዲህ ያለ ማኅበር በአንድ ቀን ከባዶ አይቆምም፤ ማን የት ቤት እንደምትሠራ፣ ማን እንደ ታመመች፣ ማን እንደ ተደበደበች አስቀድሞ የሚታወቀው በጨዋታ ነው።

በእስራኤል የሚኖሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ታሪክም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። በኢትዮጵያ መንደሮቻቸው ሴቶች በወር አበባቸው ቀናት ከቤት ተለይተው የሚቆዩበት ጎጆ ነበራቸው፤ የወለደችም በኦሪት ዘሌዋውያን 12 ሥርዓት መሠረት ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ተለይታ ትቆይ ነበር። ሥርዓቱ የመለየት ሥርዓት መሆኑ ባይካድም፣ ጎጆው ከቤት ሥራ ማረፊያና የሴቶች የብቻ መጨዋወቻም ነበር። እ.ኤ.አ. ከሜይ 24 እስከ 25 ቀን 1991 በተካሄደው ዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ ጎጆው ከኋላ ቀረ፤ በአዲሱ አገር በየሕንፃው ፎቅ ላይ የሚፈላው ቡና ግን ጎረቤት ለጎረቤት መጠራሪያ ሆኖ ቀጠለ።

ይህን ሁሉ ሲያወሱ ሐሜትን ዘልሎ ማለፍ አይገባም። ማክስ ግላክማን የተባለው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሜት የአንድን ማኅበረሰብ አባላት አንድ አድርጎ የሚያያይዝና ሥርዓቱን የሚጠብቅ መሆኑን ጽፏል፤ እውነትነት አለው። ሆኖም ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ጠባብ የስደት ሰፈር ውስጥ ያው ሐሜት በባሏ የምትደበደብን ሴት አፏን ሊያስይዛት፣ የፈታችን ሊያገልላት፣ ልጅ ያልወለደችን ሊያሳቅቃት ይችላል። ልዩነቱ ያለው በምስጢር አያያዝ ላይ ነው። ስለ ሌለች ሴት የሚወራው ወሬ እሷን ለመርዳት ከሆነ መረጃ ነው፣ ለመደሰቻ ከሆነ ግን ጉዳት ነው፤ ጥሩ የቡና አጣጪዎችም ይህን ወሰን ያውቁታል፣ ወሬው ሲያልፍ «ተይ እንጂ» የምትል አንዲት ታላቅ አትጠፋም።

የሴቶችን ወዳጅነት በአደባባይ የማክበር ልማድ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁላይ 30 የዓለም የወዳጅነት ቀን እንዲሆን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚባለው በዓል ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ የኖረ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ ልጃገረዶች ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ስሙን ለበዓሉ የሰጠውን ለምለም ሣር በወገባቸው ታጥቀው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በቡድን ሆነው ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወራሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞችም በዓሉን የሚያከብሩ ማኅበራት መኖራቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን በዓሉ በየዓመቱ ለአንድ ቀን የሚለበስ ቀሚስ ሆኖ እንዳይቀር፣ ልጃገረዶቹ በቀሩት ቀናትም የሚገናኙበት ሰዓትና ስፍራ ሊኖራቸው ይገባል።

ስፍራው እየጠበበ መሆኑ ነው አሳሳቢው። በኪራይ አፓርታማ ውስጥ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የጢስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ጎረቤት ያማርራል፣ ስለዚህ ብዙዎች የተቆላ ቡና ገዝተው ፈጥነው ያፈላሉ፤ የአንዷ ፈረቃ ከሌላዋ ስለማይገጥም አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፤ ጨዋታው ወደ ስልክ ሲዛወርም አገር ቤት ያለችውን እናትና እህት እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ በአንድ ሕንፃ የሚኖሩትን ደግሞ ያራርቃል። ይህን ለማስተካከል ትልቅ በጀት አያሻም። ባሎች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸውን ይያዙ፤ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ቡናው እስኪያልቅ አጠገባቸው ያስቀምጧቸው፣ አማርኛውንም ወዳጅነቱንም በአንድነት ይማራሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናት ሰበካ ጉባኤያት፣ የመስጊድ አስተዳዳሪዎችና የመረዳጃ ማኅበራት መሪዎችም እሑድ ብቻ የሚከፈተውን አዳራሽ በሥራ ቀንም ለሴቶች ክፍት ያድርጉት፣ ጢስ የሚወጣበት መስኮት፣ ምድጃ፣ ለሕፃናት ምንጣፍ ያለው አንድ ክፍል ይመድቡ። ለዓመታዊ የእራት ግብዣ ገንዘብ ማሰባሰብ የቻለ ማኅበር ለዚህ አቅም አጣሁ ሊል አይችልም።