ጀርባቸውን ማን አየ?

ማክሰኞ ዕለት ስትሮክ ጥሏቸው የተኙ የጎረቤቴን እናት ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ኮመዲኖው ላይ ጭማቂ፣ ሙዝና ብርቱካን ተከምሯል። እሳቸው ግን ውሃ እንኳ የሚውጡት በመከራ ነው። ልጃቸው ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጣችና «ጋሼ፣ እማዬ ጀርባዋ ቆስሏል። ባክቴሪያ ነው ይላሉ። ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ የት አገኛለሁ?» አለችኝ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምታገላብጣቸው ጠየቅኳት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «አገላብጪያቸው» ያላት ሰው አልነበረም።

የእናቷ ቁስል የአልጋ ቁስል ነው፤ የአልጋ ቁስልን ደግሞ የሚጀምረው ባክቴሪያ አይደለም። ስታፊሎኮከስ የሚባለው የባክቴሪያ ወገን በእኔም በእናንተም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ቆዳው ደኅና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳንም። በአጥንትና በፍራሽ መሐል ተጨፍልቆ የቆየ ሥጋ ግን ደም አጥቶ ከውስጥ ይሞታል። ላብና ሽንት ቆዳውን ያላሉታል፣ ከዚያ ባክቴሪያው ይገባል። ከወገብ በታች ያለው ቁስል ደግሞ ሰገራ ስለሚነካው የአንጀቱም ባክቴሪያ ይጨመርበታል። ከተከፈተ ቁስል ላይ በጥጥ ተጠርጎ ቢመረመር ባክቴሪያ መገኘቱ አይቀርም፤ ያ ብቻውን መድኃኒት አያስጀምርም። ትኩሳት ከመጣ፣ መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ከጋለና ካበጠ ግን ሐኪሙ አሁኑኑ ይጠራ፤ ወደ ደም ከገባ ይገድላል። ሱፐርማንን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሪቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሞት የአልጋ ቁስሉ አመርቅዞ በሕክምና ላይ ነበር። ገንዘብም አስታማሚም አልጎደለውም።

የሕክምና መጻሕፍት «ቆዳው ሲቀላ ተጠንቀቁ» ይላሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ የት ይታያል? እኛ መዳሰስ አለብን። የዋርዱ ነርስ ያን ማክሰኞ የልጅቷን እጅ ይዛ የእናቷን ዳሌ አስነካቻት። አንዱ ቦታ ከዙሪያው ይልቅ ይሞቃል፣ ጠጠር ብሏል፣ ጠቆር ብሏል። ገና አልተላጠም። «ይሄ ነው መጀመሪያው፤ እንዳታሺው» አለቻት። ተረከዛቸው ሥር የነበረውን ውሃ የተሞላ ጓንት አውጥታ ትራሱን ከባታቸው ሥር አስገባች፤ ተረከዙ ምንም ሳይነካ ቀረ። ከዚያ ለሦስት አንሶላውን ይዘን፣ ሳንጎትት አንሥተን፣ በጎናቸው አስተኛናቸው። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

በዚያች ነርስ አልፈርድም። ዋርዱን የያዘችው ብቻዋን ነበር፤ ሁሉንም በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪ ማለት ግፍ ነው። የምቆጣው በእኛ በጠያቂዎቹ ነው። በአንድ ከሰዓት ስድስት ሰው ከዚያ አልጋ ዙሪያ ቆመን፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብለን፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርተን ልንሄድ ነበር። ልጅቷ ሌሊቱን ወንበር ላይ ነው የምታሳልፈው፤ ብቻዋን ልታነሣቸው አትችልም።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሙዙ ይቅር። እጃችሁን ታጠቡና አስታማሚዋን «መጨረሻ የተገላበጡት ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ነርሷ ስትፈቅድላችሁ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ያዙላት።