ዓሣ ለማየት ዛንዚባር

ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረቦቼን ተከትዬ ዛንዚባር ሄድሁ። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ የስልክ ፎቶ፤ እንደ ዘመኑ ልጅ ሁሉ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ግን ቹምቤ በምትባል ደሴት ያሳለፍሁት አንድ ቀን ነው።

ቹምቤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከለለች ትንሽ የባሕር ፓርክ ናት። የእንግዳ ማደሪያዋ ሰባት ጎጆ ብቻ ነው። የአየር ሲሊንደር ይዞ መጥለቅ ለጎብኚ አይፈቀድም፤ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርገህ ከላይ ከላይ ትንሳፈፋለህ። ኮራል መንካት ክልክል፣ ዛጎል ማንሳት ክልክል፣ ዓሣ ማጥመድማ አይታሰብም። ጠባቂዎቹ ደግሞ የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ደመወዛቸውን ይከፍላል፣ የአካባቢውን ተማሪዎችም ሪፉን እንዲያዩ ያመጣል።

ፊቴን ውኃው ውስጥ ቀብሬ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ዓሣ ከሥሬ ሲርመሰመስ፣ ትዝ ያለኝ መገጭ ነው።

አዘዞ ያደገ ልጅ መገጭን ያውቀዋል። ክረምት ላይ ዓሣው ከጣና ሽቅብ ሲወጣ እኛ ብርብራ ወቅጠን እንጠብቀው ነበር። ዱቄቱን ውኃው ላይ መበተን ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ይንሳፈፋል። ትልልቁን ለቅመን፣ ጣት የሚያህለውን እዚያው ጥለን ወደ ቤት። ማንም አልተቆጣንም። እኔም ኃጢአት መሆኑን የተረዳሁት ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ደመወዝተኛ ሆኜ፣ አንድ ማታ ስለ ጣና ዓሦች ሳነብ ነው።

ጣና ውስጥ ላቤዎባርበስ የሚባል ወገን አለ፣ 15 ገደማ ዝርያ። ከጥቂቱ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም። ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይኖራሉ፤ የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ ቤተሰብ ነበረው፣ እሱ አለቀ። የቀረው የኛው ነው። በኔ ሙያ ቋንቋ ባክአፕ የሌለው ፋይል ማለት ነው።

ከነዚህ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላል ለመጣል ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ድርማ፣ ወደ መገጭ። አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን በወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ወላዷ ሳትወልድ ትያዛለች። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት አሥር ዓመታት ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ይህ እንግዲህ እምቦጭ የደምቢያን ዳርቻ ከማልበሱ በፊት ነው።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዘገበ፤ አጨበጨብን። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ሪዞርት ተሠራ፤ ፎቶ ተነሣን። ሪዞርቱን አልጠላሁትም፣ ያምራል። የሚያናድደኝ ሐይቁን እንደ ግድግዳ ሥዕል ማየታችን ነው። ጎብኚው በጀልባ ወደ ገዳማቱ ይሻገራል፣ ይመለሳል፣ ቀረሶ ጥብስ ያዛል። ውኃው መንገድ ነው፣ ዓሣው ምሳ ነው። ከዚያ በየሻይ ቤቱ ተቀምጠን ስለ ቀይ ባሕር እስክንላብ እንከራከራለን። ክርክሩ ይቀጥል፣ ግን በእጃችን ያለውን ውኃ ስንት ጊዜ ጎንበስ ብለን አየነው?

«ጣና እኮ ድፍርስ ነው፣ ምን ይታያል?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ጠልቀህ ምንም አታይም። ያደፈረሰው ግን ከኛው ደጋ የሚታጠበው አፈር ነው። ደግሞም ለማየት መጥለቅ አያስፈልግም። መስከረም ላይ ውኃው ሲጠራ ጠጠር ያለበት ወንዝ ዳር ቁጭ ማለት ይበቃል።

«ሰው መንገድ ወጥቶ መግባት በቸገረው ጊዜ ስለ ዓሣ ታወራለህ?» የሚለው ግን ይከብደኛል። ቀላል መልስ የለኝም። የምለው፣ ዓሣው የኛን ሰላም እስኪመጣ ክረምቱን አያዘገይም። አጥማጁም ድሃ ነው፤ መረቡን ነጥቀህ አትልቀቀው። በነዚያ ሦስት ወራት የወንዝ አፍ ጠባቂ አድርገህ ቅጠረው፣ ቹምቤዎች እንዳደረጉት። ሕግ አልጠፋም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። መገጭ ላይ የተጀመረው ግድብም ለጎንደር ውኃ፣ ለደምቢያ መስኖ ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። ግን ከግድቡ በታች ለዓሣው መውለጃ የሚሆን ውኃ በስንት ወር ስንት እንደሚለቀቅ አንድ ሰው ይንገረኝ።

ከዛንዚባር ስመለስ አዘዞ ገብቼ ለእማዬ ፎቶዎቹን አሳየኋት። እያንዳንዱን ዓሣ በጣቷ እየነካች አየች።

«ይሄን ለማየት ነው ባሕር የተሻገርኸው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ከፍለህ?»

«ከፍዬ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። «አንተ አይደለህም እንዴ ብርብራ ከሙቀጫዬ ወቅጠህ ያስደፋኸኝ?» አለችኝ።