64ቱ ሰዓታት የማን ናቸው?

አንድ ሳምንት 168 ሰዓታት አሉት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓታት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለእንቅልፍ በየቀኑ 8 ሰዓት ቢመደብ 56 ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው ከ168 ሲቀነሱ 64 ሰዓታት ይተርፋሉ። እርግጥ ነው፣ ከእነዚህ ውስጥ መንገዱ፣ ወፍጮው፣ ገበያው፣ ለቅሶውና እድሩ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። የሆነ ሆኖ የሠራተኛው የሕይወት ዘመን ትልቁ ክፍል ከሥራ ገበታው ውጭ እንደሚያልፍ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። ስለ 48ቱ ሰዓታት አዋጅ አለ፤ ተቆጣጣሪ አለ፤ ፍርድ ቤትም አለ። ስለ 64ቱ ግን፣ በተለይ በትንንሽ ከተሞቻችን፣ ጠያቂም ተጠያቂም የለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፦ የከተማ ነዋሪ የዕረፍት ጊዜ የከተማው አስተዳደር የሥራ ጉዳይ ነው፤ ሥራውም የሚለካው በተገነባው አዳራሽ ብዛት ሳይሆን ለሕዝብ ክፍት በሆነው ሰዓት ብዛት መሆን አለበት።

የአንዲትን ትንሽ ከተማ ምሽት እንመልከት። ከብዙዎቹ የትኛዋም ልትሆን ትችላለች። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱም እንደ መሥሪያ ቤት ስለሚቆጠር አብሮ ይዘጋል፤ አንባቢው ከሥራው ሲወጣ የመጻሕፍቱ በር ይቆለፋል። የቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ካልተጠራ አይከፈትም፤ በቀረው ጊዜ ወይ ለሠርግ ይከራያል፣ ወይ የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ተማሪዎቹ ሲወጡ ስለሚዘጋ ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ አስፋልት ላይ ይጫወታሉ። ታዲያ በዚህ ሰዓት በሩን ከፍቶ የሚጠብቃቸው ማን ነው? ግሮሰሪው፣ ጫት ቤቱ፣ ፑል ቤቱ፣ እያስከፈለ የእንግሊዝን ኳስ የሚያሳየው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ነጋዴው በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ሕዝቡ የሚያርፍበትን ሰዓት ዐውቆ በሩን በመክፈቱ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ የከተማውን ኑሮ የተረዳው እርሱ ነው። ወቀሳው የሚገባው ሰው ሥራ ላይ ሳለ ክፍት፣ ሰው ሲያርፍ ዝግ ለሚሆነው የሕዝብ ተቋም ነው።

ይህን ስንል «መጀመሪያ ዳቦ፣ ጨዋታው ኋላ ይደርሳል» የሚል መልስ ይሰነዘርብናል። መልሱ ከቅን ልቦና የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሂሳቡን አላየም። ሥራ ያላገኘው ወጣት 48ቱን ሰዓታት የሚሰጥበት ቦታ ስለሌለው፣ የነቃበት ጊዜ በሙሉ፣ ማለትም በሳምንት 112 ሰዓታት፣ ባዶ እጁን ይተርፈዋል። ዳቦ ያጣው ሰው ከማንም ይልቅ ሰፊ ጊዜ የተሸከመው ሰው ነው። ያ ጊዜ ደግሞ በነጻ አያልፍም። ለኳስ ማያ፣ ለፑል፣ ለጫት የምትወጣው ሳንቲም ከዚያው ከዳቦው ላይ የምትቀነስ ናት። እንግዲህ ጨዋታ ከዳቦ በኋላ ይምጣ የሚለው ክርክር፣ ድሀው ለመዝናኛው ሳይከፍል የሚቆይ ይመስል፣ በየምሽቱ ከኪሱ የሚወጣውን ገንዘብ እንዳላየ ያልፈዋል።

ከዚህም በላይ ድህነት ጨዋታን ከልክሎ እንደማያውቅ የራሳችን ባህል ይመሰክራል። ገበሬው በደቦ ሲያጭድ እየዘፈነ ነው። እህሉ ተሰብስቦ ሜዳው ባዶ ሲሆን፣ ጎረምሳው ጥንጉን ቀጥቅጦ ለገና ጨዋታ ይወጣል። ገበጣ መሬት ላይ ከሚቆፈሩ ጉድጓዶችና ከጠጠር በቀር በጀት አይጠይቅም። በነሐሴ የአሸንድዬና የሶለል ልጃገረዶች ያለ ማንም አዝማችነት ተሰብስበው ይጨፍራሉ። ይህን ሁሉ ያስቻለው ሀብት አይደለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ቀን፣ ሁሉም የሚወጣበት ሜዳ፣ እንዲሁም ጨዋታውን የሚያውቅና የሚያስተምር ታላቅ መኖሩ ነው። ከተማ ሲቆረቆር ሜዳው ካርታ ወጣለት። በተለይም መሬት በሊዝ ጨረታ በካሬ ሜትር ዋጋ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ ኳስ የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ ለብዙ ሹማምንት ገቢ ያልተሰበሰበበት ቦታ ሆኖ ይታያል። ከተማው ሜዳውን ከወሰደ ዘንድ ምትኩን የመስጠት ዕዳ አለበት።

ይህ ዕዳ ከበጎ ፈቃድ የሚመነጭ ችሮታም አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሠራተኛውን የዕረፍትና የመዝናኛ መብት ደንግጓል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት አስፍሯል። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የሕፃኑን የማረፍና የመጫወት መብት ያውጃል። በወረቀት ላይ የሰፈረው መብት ሥጋ ለብሶ የሚታየው ግን በአዲስ አበባ አይደለም፤ በየትንሹ ከተማ፣ አዳራሹን በሚከፍተው ወይም በሚዘጋው ቁልፍ ያዥ እጅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ እኛ የሕዝብን መዝናኛ ባሰብን ቁጥር ከመዝናኛው ባሻገር ላለ ሌላ ዓላማ ስናስበው ኖረናል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የፋሽስት ወረራ በተቃረበበት ሰዓት ሕዝቡን ለነጻነቱ ለመቀስቀስ ነበር፤ ዘመኑ የጠየቀው ይህንኑ ነውና የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በየቀበሌያቸው ሲያደራጅ፣ በየቀበሌው የኪነት ቡድን እንዲቋቋም መንገድ ተከፈተ። ከዚያ መድረክ ስማቸው የገነነ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ወጥተዋል፤ ይህም ሊካድ አይገባም። ይሁን እንጂ መድረኩ ለቅስቀሳ፣ መዝሙሩ ለሰልፍ፣ ተመልካቹም ብዙ ጊዜ ለግዴታ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ በብዙ ሥፍራ ከቅስቀሳው ጋር ቡድኑም ተበተነ። ሕዝቡ የራሱ ነው ብሎ የያዘው ነገር ቢሆን ኖሮ ከመንግሥት መለወጥ በኋላም በቆየ ነበር። እድርን ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አላፈረሰውም።

ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት ሜዳልያ ነው። «ወጣቱ ስፖርት ይሥራ» ሲባል ሁልጊዜ የሚከተለው «ተተኪ እንድናገኝ» የሚል ነው። በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ለዚህ አባባል ዘወትር በምስክርነት ትጠራለች። በእርግጥም ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን፣ ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. በአቴና በ10,000 ሜትር፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ለወርቅ የበቁት ከዚህችው ትንሽ ከተማና ከአካባቢዋ ተነሥተው ነው። ነገር ግን በቆጂ የምታስተምረው ትምህርት በትክክል ሊነበብ ይገባል። እነዚያን ልጆች ያሳደጋቸው ግዙፍ ስታዲየም አልነበረም። ሰፊ ሜዳ፣ የታወቀ የማለዳ ሰዓት፣ እንዲሁም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። በየማለዳው ከሮጡት ልጆች እጅግ የሚበዙት የኦሊምፒክን መንደር አላዩም። የእነርሱ ሩጫ ከንቱ ነበር ልንል ነውን? ጤናን፣ ጓደኝነትን፣ በሰዓቱ መነሣትን ይዘው ወደ ቤታቸው የተመለሱት እነዚያ ሁሉ ካልተቆጠሩ፣ ሜዳልያ የሚለቅሙ እንጂ ከተማ የሚያስተዳድሩ አልሆንንም ማለት ነው።

ሦስተኛው የዘመናችን ምክንያት ጎብኚ ነው። በአዲስ አበባ የአንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ ከዚያም የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ከተከፈቱ ወዲህ፣ ክልሎችና ከተሞችም ፋውንቴንና አረንጓዴ ሥፍራ ለመሥራት ተነሣሥተዋል። ከተማ ቢያምር የሚጠላ የለም። ነገር ግን ትንሿ ከተማ ከዋናው ከተማ አጥሩንና የመግቢያ ቲኬቱን ብቻ ቀድታ ከመጣች፣ ሥፍራው ለሠርግ ፎቶግራፍና ለእንግዳ ማሳያ ይሆንና ከግንቡ ጀርባ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ልጅ በብረት አጥሩ ቀዳዳ የሚያየው ይሆናል። ለእንግዳ የሚያምር፣ ለባለቤቱ የሚዘጋ ሳሎን ማለት ይህ ነው።

ቅስቀሳ፣ ሜዳልያ፣ ጎብኚ፤ በሦስቱም ውስጥ ነዋሪው ራሱ የለም። ከሁሉ ይልቅ የሌለችው ደግሞ ሴቷ ናት። ፑል ቤት የወንድ ነው፤ ኳስ ማያው የወንድ ነው፤ ሜዳውም ሲገኝ የወንድ ነው። ልጅቷ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ የምትተርፋትን አንዲት ሰዓት የምትሰጥበት ሥፍራ በከተማው ካርታ ላይ ተፈልጎ አይገኝም። የመዝናኛ መርሐ ግብር ለሴቶች የተለየ ሰዓት፣ ብርሃን ያለው መንገድና የሕፃናት ማቆያ ካልያዘ፣ «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚለው ማስታወቂያ ግማሹን ሕዝብ ውጭ ያስቀረ ማስታወቂያ ነው።

ሕግ አውጪውም ቢሆን እስካሁን በርትቶ የታየው በመከልከሉ በኩል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። መልካም አደረገ። ነገር ግን የ19 ዓመቱን ወጣት ከግሮሰሪው በር የመለሰው ሕግ፣ ወዴት እንዲሄድ አልነገረውም። ይህን የመንገር ተግባር የከተማው አስተዳደር ነበር። በአንድ በኩል የተዘጋ በር በሌላ በኩል ካልተከፈተ፣ ወጣቱ ወደ ጓሮው በር መዞሩ አይቀርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አናቀርብም። ቤተ መጻሕፍቱ ረፋዱን ዘግይቶ ይከፈትና እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይቆይ፤ ቅዳሜና እሑድም ይሥራ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ቅዳሜና እሑድ ለሰፈሩ ልጆች ይለቀቅ፤ ለጥበቃውና ለስፖርት መምህሩ የትርፍ ሰዓት አበል ይታሰብ። የቀበሌው አዳራሽ በሳምንት ሁለት ምሽት ለአማተር ተዋንያን፣ ለማሲንቆና ለክራር ተማሪዎች ያለ ኪራይ ይሰጥ። ከዛፍ ጥላ ሥር ሁለት የድንጋይ ጠረጴዛ ቆሞ ገበጣና ዳማ ይቀረጽበት፤ ጡረተኛው ከልጅ ልጁ ጋር ይቀመጥበት። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መሪ ቃል በአዲስ አበባ መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ ሲወጣባቸው፣ የፈሰሰ ሲሚንቶ አልነበረም፤ የተወሰነ ሰዓትና ያንን ሰዓት የሚያስከብር ትራፊክ ብቻ ነበር። አንድ ዋና ጎዳና ያላት ትንሽ ከተማ ይህንኑ ለማድረግ ከዋና ከተማዋ ይልቅ ይቀላታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሪፖርቱ ቅጽ ይለወጥ። «በበጀት ዓመቱ አንድ የወጣቶች ማዕከል ተገንብቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማዕከሉ ዝግ ቢሆንም እውነት ነው፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። በምትኩ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ ማዕከሉ በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት ነበር? ከገቡት ውስጥ ሴቶች ስንት ናቸው? ሳይከፍሉ የገቡትስ ስንት ናቸው? እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በግልጽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ ከተማ፣ ስለ ልማቱ ረጅም ንግግር ማድረግ አያስፈልገውም።

ይህ መጽሔት የሚነበበው በካድሬዎች፣ በመምህራንና በአርቲስቶች ነው፤ ስለዚህ ለሦስቱም የሚደርስ ቃል አለን። መምህሩ የበቆጂን ምሳሌ ያስብ፤ ከደወል በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የአንድ ትውልድ ዕድል ሊሆን ይችላል። ይሁንና ያንን ሰዓት ከመምህሩ በነጻ መጠበቅ ግፍ ስለሆነ፣ አበሉ በበጀት ይያዝለት። አርቲስቱ ትንሿን ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሸሽባት ጣቢያ አድርጎ ማየቱን ይተው፤ አማተሩን ናቅ አድርጎ የሚያልፍ ባለሙያ የነገ ተመልካቹን ራሱ እያጠፋ ነው። ካድሬው ደግሞ አዳራሹን ለስብሰባ እንደሚያስከፍተው ሁሉ፣ ስብሰባ በሌለበት ምሽትም ያስከፍተው። ሕዝቡ ሳይጠራ የሚመጣበት አዳራሽ ሲኖረው፣ ሲጠራም መምጣቱን እንደሚወድ ያን ጊዜ ያየዋል።

64ቱ ሰዓታት በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ በየሳምንቱም ያልፋሉ። ዛሬ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ኃላፊ በከተማው ዋና መንገድ በእግሩ ይሂድና ክፍት የሆኑትን በሮች ይቁጠር። ከእነዚያ ውስጥ የሕዝቡ የሆነው በር አንድ እንኳ ካልተገኘ፣ በማግስቱ ጧት የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ የትኛው እንደሆነ ሌላ ጥናት አያስፈልገውም፤ ቁልፉን ካለበት አስወጥቶ አዳራሹን መክፈት ነው።